ጮቄን የተሻገረው ባና

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ያውም እናቴ "ገና አልሞላሽም" እያለች ትከራከረኝ ነበር። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ናቸው። እኔም ከቢቸና ርቄ የሄድሁት ቢበዛ እስከ ወፍጮ ቤት ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሡኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ባለፈው ታኅሣሥ ጮቄ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ ሲሰናዱ፣ በአየር የሚነፋ ፍራሽ፣ እንደ ከረጢት የሚገቡበት ብርድ ልብስ፣ የእጅ ሹራብ፣ የእግር ሹራብ ሳሎኔ ውስጥ ዘረጉ። ትንሿ ቀና ብላ አየችኝና "እማማ፣ አንቺ እኮ እንዲህ ባለ ብርድ ውጭ አድረሽ አታውቂም" አለችኝ። "ነይ ተቀመጪ" አልኋት። ቸኩላለች፣ አልተቀመጠችም። እናንተ ጊዜ ካላችሁ ግን ልንገራችሁ።

ቢቸና፣ ጎሕ ሲቀድ

አባቴ ይግዛው ልብስ ሰፊ ነው። ከአልጋው በላይ በተጋደመ እንጨት ላይ አንድ ጥቁር ባና ተሰቅሎ ይኖራል። ባና ለማያውቅ፣ ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ይኼኛውን ፀጉሩን የፈተለችው አያቴ ናት፤ ሲሸከሙት የሁለት ዓመት ልጅ ያህላል። በሐምሌ ዝናብም ሆነ በታኅሣሥ ውርጭ ማንም አያወርደውም። እኔም ሳድግ ከቤቱ ምሰሶ እንደ አንዱ ነበር የማየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ያረፈችው እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ በነሐሴ ነው። የአባቴ ታላቅ እኅት፣ አክስቴ ጥሩወርቅ፣ ያገባችው ሞጣ ነበር። ወንዙ ሁሉ ሞልቶ መልእክተኛው ዘገየ። አክስቴ ስትደርስ እናቷ ተቀብራ፣ ለቀስተኛውም ተበትኗል። ከቤት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው አባቴን ነው፤ ብርድ ይዞት፣ ያንኑ ባና ተከናንቦ። አያቴ ደግሞ "ይኼ ለጥሩወርቅ ነው" ትል እንደነበር መንደሩ ያውቃል።

"እናቴን ሳላያት ቀበርሃት። አፈሯ ሳይደርቅ ባናዋን ለበስህ" አለችው። "ደግሜ ደጅህን ብረግጥ እግሬ አይቁምልኝ!" ብላ ምላ፣ በዚያው በዝናቡ ወጣች። አባቴ ባናውን አውልቆ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልለበሰውም፤ እነሱም ቃል አልተለዋወጡም።

በዚያ ታኅሣሥ አንድ ነጋዴ ከሞጣ መጥቶ "ጥሩወርቅ ደረቷን ታማ ተኝታለች፤ ለገና የምትደርስም አይመስለኝ" አለ። አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። ያን ቀን መልሶ አላነሣውም።

በማግሥቱ ንጋት ላይ ስነቃ ባናውን በደጅ ሲያራግፈው አገኘሁት። አጣጠፈው፤ ባልታጠበ አዲስ አቡጀዲ ጠቀለለው፤ ከዚያ መርፌውን አውጥቶ ጥቅሉን ዙሪያውን በሚገባ ሰፋው፤ ልክ እንደ ጆንያ አፍ።

እናቴ ከበሩ ቆማ ታየዋለች። "መስፋት ምን አመጣው? መንገድ ላይ ውርጭ አለ። ልጅቱ በምን ትሞቃለች?"

"በእኔ ጋቢ።"

"አንተስ?"

"እኔ በእልሄ።"

"እልህስ ለእናንተ ቤት ሰዎች ይበቃል" አለች፤ የዳቦና የበሶ ስልቻውን እያቀበለችን።

አባቴ ለእኔ ሲያስረዳኝ ግን ሳቅ አልነበረበትም። "ለበሰው ብላ ነው የሄደች። ጢስ ሳይነካው፣ ሰው ሳይነካው ከእጇ ላይ ካስቀመጥሁት፣ ምናልባት ይቅር ትለኛለች። ሳትሞት።"

እኔን ለምን እንደሚወስደኝም ጠየቅሁት። "ስም ያወጣችልሽ እሷ ናት። አንቺን ካየች ቢያንስ ውሻ አትለቅብኝም" አለ።

ደብረ ወርቅ፣ ረፋድ

እስከ ደብረ ወርቅ የሄድነው በጭነት መኪና፣ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። አቧራው ቅንድባችንን አሸበተው። አጠገባችን ጉልበቱን ታቅፎ የተቀመጠ ቀጭን ሰው ነበር፤ አብዲ ይባላል። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ ሆኖ ሞጣ ተመድቦ መሄዱ ነው። ለትልቁም ለትንሹም፣ ለወንዱም ለሴቱም "አንተ" ይላል። በእኛ አገር ለታላቅ ሰው አንቱ ካላልህ ስድብ ነው፤ ከአብዲ አፍ ሲወጣ ግን እንደ ወንድም ጥሪ ነበር፣ አባቴም አልተቀየመው።

ደብረ ወርቅ ስንወርድ የቆሎ ተማሪዎች ድምፅ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንደ ንብ ይሰማል። ገበያው ነጭ በነጭ ነው። አብዲ ለእኔ በአሥር ሳንቲም ሻይ ገዛልኝ፤ አባቴ ጾም ይዟል። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ስሞቅ ትዝ ይለኛል፤ ስኳሩ ከሥር ተቀምጦ፣ በጣቴ ጠርጌ የላስሁት።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ የበቅሎ ነው። አያ ካሴ የሚባል ነጋዴ ሦስት በቅሎ ጨው ጭኖ ይጠብቀናል፤ የአባቴ ደንበኛ ነው፤ ኮቱንም የሰፋለት አባቴ ነው። አብዲን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"ዶክተር፣ በዚህች ኮት ነው ጮቄን የሚሻገሩት?"

"አቦ፣ ድሬዳዋ ይኼ የክረምት ልብስ ነው!"

አያ ካሴ ከበቅሎው አንገት ላይ ተደግፎ ሳቀ። "እንግዲያው በቅሎዬን አቅፈው ያድራሉ። ሚስቴ ያልሰማች እንደሆነ ምንም አይደል።"

አባቴ በታችኛው መንገድ ብንሄድ ይሻል እንደሆነ ጠየቀው። "ተራራው ላይ ያሉት ላይ ቤቶቹ ለገና ጨው ይጠብቁኛል" አለ አያ ካሴ፤ "ደግሞ በታች ዞረህ ስትደርስ እኅትህ..." ብሎ እኔን አየና ወደ ጭነቱ ዞረ። አባቴ የተሰፋውን ጥቅል ከሁሉ በላይ፣ ከጨው ጆንያው ላይ፣ አሠረው። ወጣን።

የጮቄ ትከሻ፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ

የገብሱ ማሳ አለቀና ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ጀመረ። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም እንደ ዘብ ቆሟል። ቀን ላይ ፀሐዩ ጆሮ ያቃጥላል፤ ጥላ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ልክ ውኃ ውስጥ እንደ መግባት ነው። እንዲያ ያለ ሰማይ ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ወይም እኔ ሕፃን ስለነበርሁ ነው።

ሐሳባችን ከጨው ደንበኞቹ ቤት ደርሰን ልናድር ነበር። አብዲ ግን እግሩ እየከበደው በየጊዜው ይቀመጣል፤ ሲመሽ ጉሙ ወረደ። አያ ካሴ ቆመና አሸተተ። "ከዚህ ወዲያ ገደል ነው። እዚህ እናድራለን።" ትልቅ ቋጥኝ ነበር፤ ሥሩ ጥላሸት ለብሷል፤ ነጋዴ ሁሉ ከዚያ ያድራል።

እኔ ፈጥኜ ጋቢ ተከናንቤ ልቀመጥ ስል ጮኸብኝ። "ተነሽ አንቺ! ላብሽ ሳይደርቅ ትተኚ? ውርጭ የሚወድ እንዲህ ያለውን ነው።" የውስጥ ቀሚሴን አስቀየረኝ። ጆንያዎቹንና ኮርቻዎቹን በነፋሱ በኩል እንደ አጥር ደረደረ፤ በቅሎዎቹን ከአጥሩ ውጭ አሰረ። አስታ የሚባለው የደጋ እንጨት እርጥቡም ይነድዳል፤ ከዚያ ሰብሮ እሳት አነደደ፤ እሳቱን ያነደደው ግን ልንተኛበት ካሰብነው ቦታ ላይ ነው።

"አያ ካሴ፣ እኛ ከየት ልንተኛ ነው?"

"ከእሳቱ ላይ!" አለኝ። "ብርድ ከላይ የሚመጣ ይመስልሻል። ሌባ ነው፤ ከሥር ነው የሚገባ።"

በእሳቱ ዳር ትኩስ በሶ ጠጣን። የባቄላ ቆሎ አምሶ ለእያንዳንዳችን በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠን፤ ከሆዳችን ላይ እንድናሥረው። መጀመሪያ ያሞቃል፣ ኋላ ይበላል። አባቴ ከያዘው አረቄ ትንሽ ለአብዲ ቀዳለት፤ አብዲ እጁን አወናጨፈ። "እኔ እስላም ነኝ፤ በሩቁ ይሞቀኛል።"

መሬቱ ሲግል ፍሙን ወደ ዳር ጠረጉት። እኔ ያመጣሁትን ደረቅ ጓሳ ወፍራም አድርገው አነጠፉ። ስተኛበት ከጀርባዬ የሚወጣው ሙቀት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስንት ጥሩ አልጋ ላይ ተኛሁ በዕድሜዬ፤ እንደዚያ ያለ ግን...

ጥርስ ሲንገጫገጭ የሰማነው ገና ጋደም እንዳልን ነው። መጀመሪያ አያ ካሴ ሊያሾፍ ጀመረ። "ዶክተር፣ ቆሎውን ከሆድዎ ሳይሆን ካፍዎ አድርገው ነው?" የአብዲ መላ አካላት ይርገፈገፋል፤ ጓሳው ከሥሩ ይንኮሻኮሻል።

"ብርዱ ብቻ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "ወባዬ ናት። ታውቀኛለች፤ ዛሬ መረጠች።" ከመድኃኒት ሳጥኑ ኪኒን አውጥቶ ዋጠ፤ ግማሹ ውኃ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

የአብዲን የራሱን ብርድ ልብስ ደረቡለት። አያ ካሴ በርኖሱን አወለቀ። አባቴ እኔን ያለበሰኝን ጋቢ ማውረድ አልቻለም፤ የራሱን ኮት ደረበለትና በሸሚዝ ቀረ። ሰውዬው አሁንም ይንቀጠቀጣል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ በራሱ ቋንቋ እናቱን ይጠራል።

አያ ካሴ ወደ ጭነቱ ቀና አለ። "ይግዛው፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ። ያ ነጭ ጥቅል ባና አይደለም?"

"እሱ የሰው ነው።"

"የማን ሰው?"

"የእኅቴ። የሰው ገላ አይነካውም ብያለሁ። ለራሴ ምያለሁ።"

"እንግዲህ እሷ ባና ሲደርሳት፣ ሞጣ ደግሞ የሐኪሙ ሬሳ ይድረሰው" አለ አያ ካሴ። አልጮኸም። ፍሙን በእንጨት እየነካካ ነበር።

አባቴ ተነሥቶ ሄደ። ጥቅሉን ከጨው ላይ አወረደው። ከጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆየ፤ እኔም ጋቢዬን ገልጬ አየዋለሁ። ያ ስፌት የቤታችን የይቅርታ ተስፋ ነበር። ከተፈታ፣ አክስቴ "ይኸው፣ ለበሳችሁት" ማለቷ ነው። መቀሱ ቢቸና ቀርቷል። ጎንበስ ብሎ ክሩን በጥርሱ በጠሰው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ተረተረው።

ባናው ሲገለጥ አያቴ ሸተተችኝ፦ በግ፣ ጥቁር አዝሙድ። አብዲን እንደ ጨቅላ ጠቀለሉት፤ አባቴ በአንድ ጎኑ፣ አያ ካሴ በሌላው ተኙ።

ከውስጥ ድምፅ መጣ። "አቦ... ይኼ ባና ነው... ወይስ በጉ ራሱ ነው?"

"በጉ ነው፣ ዝም ብለህ እቀፈው" አለ አባቴ። እስከዚያ አንቱ ይለው የነበረውን ሰው አንተ ማለቱን ያን ጊዜ ሰማሁ።

ያው ቋጥኝ፣ ንጋት

ያነቃኝ ሽታ ነው፤ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ።

ምድሩ ሁሉ ነጭ ነው። ጓሳው፣ ጅብራው፣ የበቅሎዎቹ ጀርባ እንኳ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። አብዲ ቁጭ ብሏል፤ ፊቱ በላብ ረጥቧል፤ ትኩሳቱ ለቆታል። አባቴ ደግሞ ባናውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ ብርሃኑ ይዞታል። ከመካከሉ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ሰማዩ ይታያል። ፍም ሲጠረግ አንዲት ረመጥ ከጓሳው ሥር ቀርታ ኖሯል።

አብዲ ራሱን ያዘ። "እኔ እነግራታለሁ። ከአንተ ጋር እመጣለሁ፣ እነግራታለሁ።"

አያ ካሴ ቀዳዳውን በጣቱ ለካው። "ውርጩ ሰው ሊወስድ መጥቶ መዳፍ የምታህል ባና ወስዶ ሄደ። ተመስገን በል እንጂ!" ኋላም ዝቅ ብሎ "ደግሞ አንተ ሰፊ ነህ። መርፌው ከአንተ ጋር አለ። ከመድረሳችን በፊት ጠቅመው፤ ማን ያውቃል?" አለው።

አባቴ መርፌዋን ከኮቱ ክሳድ ላይ ነቀላት፤ አያት፤ መልሶ ሰካት። "አይሆንም። ክፍቱን ትየው።"

ጨውን ከላይ ቤቶች አራግፈን፣ አብዲን በባዶዋ በቅሎ ላይ ጭነን ወረድን። ቀኑን ሙሉ አባቴ ባናውን ተሸክሞ ነው የሄደው። ነፋሱ ሲያይልም አልለበሰውም።

ሞጣ፣ ማምሻ

የሞጣ ቆርቆሮዎች የመጨረሻዋን ፀሐይ ሲያንጸባርቁ ከሩቅ አየን። እኔ ከተማ ያየሁ መስሎኝ ደነቀኝ፤ አባቴ ግን እርምጃው እያጠረ ሄደ። ከአክስቴ ደጅ ስንደርስ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣና ከጫንቃው ላይ አደረገ፤ በእኛ አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲያ ነው የሚገባ። አያ ካሴ በቅሎዎቹን ይዞ ከውጭ ቀረ።

አክስቴ ከእሳቱ አጠገብ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እንዲህ ታንሳለች ብዬ አልጠበቅሁም። አባቴን አላየችውም፤ እኔን አየች።

"ስንዱ ነሽ?"

"አዎ፣ አክስቴ።"

"ነይ እስቲ። ወይ ማደግ! ያን ድንጋይ የተሸከመው ሰውዬ ምድጃዬን ሳይሰብርብኝ አስቀምጥ በዪው።"

አባቴ አስቀመጠ። ባናውን ከጭኗ ላይ አኖረና ወደ በሩ ተመለሰ። እሷ ቀስ እያለች ገለጠችው። እጇ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ቆመ። ባናውን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች።

"ጢስ ይሸታል። ለብሰኸዋል?"

"እኔ አልለበስሁትም።"

"ታዲያ ማን ነው?"

ከአባቴ ኋላ አብዲ በሩን ተደግፎ ብቅ አለ፤ ገና እግሩ አልጸናም። "እኔ ነኝ የለበስሁት፣ እናቴ። ጮቄ ላይ ወባ ጣለኝ። አንድ ጥቅል ነበር፣ ዙሪያውን የተሰፋ። እሱን ፈተው አለበሱኝ። ባያለብሱኝ..."

"አንተ የማን ነህ?"

"የማንም አይደለሁም። የድሬዳዋ ሰው ነኝ፤ እዚህ ጤና ጣቢያ ነው የመጣሁት።"

አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ወደ አባቴ አነሣች። "ስፌቱን ማን ፈታው?"

"እኔ።"

"በምን?"

"መቀስ አልያዝሁም። በጥርሴ።"

ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባት፤ እኔ ጀርባዋን ያዝኋት። "እማዬም ክር በጥርሷ ነበር የምትበጥስ" አለች ትንፋሽ ሲመለስላት። "ጥርስሽ ያልቃል ስላት፣ 'ልጅ ከወለድሁ ጥርስ ምን ያደርግልኛል' ትለኝ ነበር።"

"ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ እቴ" አለ አባቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። "ላቆያት አልቻልሁም። ነሐሴ ነው፤ ቀሳውስቱም..."

"አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር።" ከመደቡ ላይ ጠጋ አለች፤ ቦታ ሰጠችው። "ና ተቀመጥ። አብረን አላለቀስናትም እኮ።"

እኔና አብዲ ወጥተን ከደጅ ቆምን፤ ከውስጥ የሁለቱ ልቅሶ ይሰማል። አያ ካሴ "ምን ሆኑ?" አለ። "ጎን ለጎን ተቀመጡ" አልሁት። ኮፍያውን አወለቀ።

አብዲ በማግሥቱ ሳጥኑን ይዞ መጣ፤ ደረቷን አዳመጠ፤ መርፌ ወጋት። እሷም ከመርፌው ይልቅ አንተ መባሏ ነው ያስደነቃት። "አንቺ በል እንኳ ቢሉት እሺ አይልም፤ እኔን አንተ አለኝ!" እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። ገናን ሞጣ ዋልን፤ አክስቴ ተነሥታ ራሷ ዳቦ ቆረሰች።

የመመለሻችን ዕለት በቅሎው ሲጫን ባናውን ተሸክማ ወጣች። አባቴ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

"አልሰጠሁህም፣ አውሼህ ነው" አለችው። "ልጄ በዚያ ውርጭ ያለ ባና አታድርም። ቀዳዳውን ደግሞ እንዳትነካው፤ የእናቴን ፈትል የማውቀው እኔ ነኝ። መጥቼ እወስደዋለሁ።"

"ከደጄ?" አለ አባቴ።

"ከየት ልወስደው ነበር?"

መመለሻችን ላይ ከዚያው ቋጥኝ ሥር አደርን። ያን ሌሊት አባቴና እኔ ባናውን ሁለታችንም ለበስነው።

በዓመቱ፣ ስንዴው ታጭዶ ሲያበቃ፣ አክስቴ መሐላዋን ለንስሐ አባቷ ነግራ በአያ ካሴ በቅሎ ቢቸና መጣች። ደጃችንን ረገጠች፤ ባናዋን ከእንጨቱ ላይ አወረደች፤ ከአባቴ መርፌ ተቀብላ ቀዳዳውን በነጭ ሱፍ ጠቀመችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ጥምቀትን ከእኛ ጋር አክብራ፣ ባናዋን ለብሳ ወደ ሞጣ ተመለሰች።